«ግጥምና ዜማ፦ ሕዝብ» የተባለ ሙዚቃ በኢንተርኔት ገበያ

ካሴት በየሱቁ በሚሸጥበት ዘመን የሽፋኑን ጀርባ የማንበብ ልማድ የነበራቸው ሰዎች «ግጥምና ዜማ፦ ሕዝብ» የምትለዋን አጭር ጽሑፍ ያስታውሷታል። ለአድማጩ ዘፈኑ የቆየ መሆኑን የምትነግር መረጃ ነበረች። ለአሳታሚው ግን የሒሳብ ጉዳይ ነች። ግጥምና ዜማው የሕዝብ ከሆነ ለደራሲ የሚከፈል የለምና ከአልበሙ ወጪ ላይ አንድ መስመር ይሰረዛል።

ዛሬ ካሴቱም ሲዲውም ከገበያ ወጥተው ሙዚቃው ወደ ስልክ ገብቷል። አድማጭ በወር የተወሰነ ክፍያ እየፈጸመ፣ ወይም ማስታወቂያ እየሰማ በነፃ፣ የፈለገውን ዘፈን በኢንተርኔት ያደምጣል። ስፖቲፋይ፣ አፕል ሚውዚክ፣ ዩቲዩብ ሚውዚክና መሰሎቻቸው ከሰበሰቡት ገቢ ውስጥ የሚበልጠውን ድርሻ ለመብት ባለቤቶች ያከፋፍላሉ። ስፖቲፋይ ድርሻው ወደ ሁለት ሦስተኛ እንደሚጠጋ ይገልጻል። ታዲያ ያቺ የካሴት ጀርባ ጽሑፍ እንደገና ነፍስ ዘርታለች። የቆዩ ሸክላዎችን ያከማቹ፣ ክራርና ማሲንቆ የሚጫወቱ፣ ስቱዲዮ የከፈቱ ሰዎች በየጊዜው የሚያነሱት ጥያቄ አንድ ነው፤ ባለቤት የሌለውን ሙዚቃ እዚያ ገበያ ላይ አውጥቶ ገንዘብ ማግኘት ይቻላል ወይ?

መልሱ ይቻላል ነው። ችግሩ ያለው «ባለቤት የሌለው» በሚለው ቃል ላይ ነው። ባለቤት የለውም ተብሎ ከሚነገርለት ሙዚቃ ብዙው ሲመረመር አንድ፣ አንዳንዴም ሁለትና ሦስት ባለቤት ይገኝለታል።

አንድ ዘፈን፣ ሁለት ንብረት

በመሠረቱ አንድ ዘፈን በሕግ ዓይን ሁለት የተለያዩ ንብረቶችን ይይዛል። የመጀመሪያው ግጥሙና ዜማው ሲሆን የደራሲዎቹ ነው። ሁለተኛው ያ ግጥምና ዜማ በአንድ ቀን፣ በአንድ ስቱዲዮ፣ በአንድ ድምፃዊና በአንድ ባንድ ተሠርቶ የተቀረጸበት ድምፅ ነው፤ በንግዱ አካባቢ «ማስተር» የሚባለው ማለት ነው። ይኸኛው የከዋኙና ቀረጻውን በገንዘቡ ያሠራው ፕሮዲዩሰር ነው። አንደኛው ነፃ ሆነ ማለት ሌላውም ነፃ ሆነ ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ገንዘብ የሚከስረው ይህን ባለመለየት ነው።

በአገራችን በሥራ ላይ ያለው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለው፣ ለደራሲው ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ለከዋኙና ለድምፅ ቀረጻው ፕሮዲዩሰር የሚሰጠው ደግሞ 50 ዓመት ነው። እነዚህ ዘመናት ሲያልፉ ሥራው የሕዝብ ሀብት ይሆናል፤ ማንም ሰው ሳያስፈቅድና ሳይከፍል ሊገለገልበት ይችላል።

የሁለቱ ቆጠራ መነሻ የተለያየ መሆኑን በአንድ ምሳሌ እንየው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በፒያኖ የደረሷቸውን ሙዚቃዎች ራሳቸው ተጫውተው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በጀርመን አገር በሸክላ አስቀርጸዋል። የእነዚያ ቀረጻዎች 50 ዓመት በእኛ ሕግ ቆጠራ አልፏል። እማሆይ ግን ያረፉት በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ድርሰቶቻቸው እስከ 2065 ዓ.ም. ድረስ በጥበቃ ሥር ናቸው። «ሸክላው አርጅቷልና የማንም ነው» ብሎ ኢንተርኔት ላይ የሚጭን ሰው የቀረጻውን መብት ባይነካ እንኳ የድርሰቱን መብት ነክቷል። እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ የጀመረው የአምሃ ሪከርድስ ሸክላዎችም ጉዳይ ከዚህ ብዙ አይርቅም። የመጀመሪያዎቹ ቀረጻዎች 50 ዓመት ሞልቷቸው ይሆናል፤ የግጥምና የዜማ ደራሲዎቹ ግን በሕይወት ያሉ፣ ወይም ካረፉ ገና 50 ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። በዚያ ወርቃማ በሚባለው ዘመን ከተሠራው ውስጥ በሁለቱም በኩል ነፃ የሆነ ሥራ ማግኘት ቀላል አይደለም።

የነጋድራስ ተሰማ ሸክላዎች

በሁለቱም በኩል ነፃ ወደ መሆን የሚጠጋ የኢትዮጵያ ቀረጻ ቢፈለግ በመጀመሪያ የሚጠቀሱት የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ሸክላዎች ናቸው። ተሰማ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1908 የአውቶሞቢል ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን ተልከው፣ እዚያ በነበሩበት ጊዜ በማሲንቆ እየታጀቡ ያዜሟቸውን ዘፈኖች በሸክላ አስቀርጸዋል። የኢትዮጵያ ሙዚቃ ንግድ የመጀመሪያ ሸቀጥ እነዚህ ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ነጋድራስ ያረፉት በ1957 ዓ.ም. ነው።

ሒሳቡን እንሥራ። በኢትዮጵያ የቀረጻው 50 ዓመት ካለፈ ቆይቷል። ደራሲው ተሰማ ራሳቸው ናቸው ብንል እንኳ ከዕረፍታቸው በኋላ ያለው 50 ዓመት በ2007 ዓ.ም. አልቋል። አዲስ አበባ ላይ ሁለቱም በር ተከፍቷል ማለት ነው።

ይሁንና የኢንተርኔት ገበያ አዲስ አበባ ላይ አያበቃም። ደንበኛው ዋሺንግተን፣ ፍራንክፈርት፣ ቴል አቪቭና ዱባይ ነው፤ ዶላሩም የሚመጣው ከዚያ ነው። ሙዚቃው በሚሰማበት አገር ሁሉ ደግሞ የዚያ አገር ሕግ አለ።

አሜሪካ ለረጅም ጊዜ የቆዩ ቀረጻዎችን በአገር አቀፍ የቅጂ መብት ሕጓ ሳታካትት ኖራለች። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሙዚቃ ማሻሻያ ሕግ ይህን ለወጠ። ከ1923 በፊት ታትመው የወጡ ቀረጻዎች በሙሉ ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ነፃ ሆኑ። ከ1923 እስከ 1946 የታተሙት 100 ዓመት ይጠብቃሉ፤ ስለዚህ የ1923ዎቹ በ2024፣ የ1924ዎቹ በ2025 ነፃ ወጥተዋል፣ ቆጠራውም በየዓመቱ ይቀጥላል። ከ1947 እስከ 1956 ያሉት 110 ዓመት ይቆያሉ። ከዚያ ወዲህ እስከ ፌብሩዋሪ 1972 አጋማሽ የተቀረጹት ደግሞ እስከ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2067 ድረስ አይነኩም። ለታተመ የቆየ ድርሰት የሚሰጠው ጥበቃ 95 ዓመት ነው። በዚህ ሚዛን የነጋድራስ ሸክላዎች በአሜሪካም ነፃ ናቸው።

አውሮፓ ላይ ግን መንገዱ ጠመዝማዛ ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረት የቀረጻ ጥበቃን ከ50 ወደ 70 ዓመት ያሳደገው እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ነው። ቢሆንም ቀደም ብሎ ያለፈበትን ወደ ኋላ ተመልሶ አላስነሳም፤ ከ1963 በፊት የታተሙ ቀረጻዎች ነፃ እንደሆኑ ቀርተዋል። ሸክላውን በተመለከተ ችግር የለም ማለት ነው። ድርሰቱ ግን በአውሮፓ የሚጠበቀው ደራሲው ከሞተ በኋላ ለ70 ዓመት ነው። ሸክላዎቹ መጀመሪያ የወጡት ጀርመን አገር ከሆነ፣ ተሰማ ራሳቸው በገጠሟቸው ግጥሞች ላይ ወራሾች እስከ እ.ኤ.አ. 2034 መጨረሻ ድረስ በጀርመን ጥያቄ ሊያነሱ የሚችሉበት ዕድል አለ። አንድ ሸክላ አዲስ አበባና ኒውዮርክ ላይ ነፃ ሆኖ በተቀረጸበት ከተማ ላይ ሊያከራክር ይችላል ማለት ነው። ለዚህ ነው አከፋፋዮች ሙዚቃ ሲረከቡ «በየትኛው አገር ይሰራጭ?» የሚል ቅጽ የሚያስሞሉት። ብዙዎቻችን ሳናነብ «በመላው ዓለም» የሚለውን እንመርጣለን።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። እነዚህ ሸክላዎች ኢትዮፒክስ በሚባለው የፈረንሳይ ተከታታይ ኅትመት በ27ኛው ቁጥር ተጠርገውና ተስተካክለው እ.ኤ.አ. በ2011 በሲዲ ወጥተዋል። ከዚያ ሲዲ ገልብጦ መጫን ከዋናው ሸክላ ገልብጦ እንደ መጫን አይደለም። የሽፋኑ ሥዕል፣ በውስጡ ያለው ጽሑፍ፣ አልፎ ተርፎም በድምፁ ጥገና ላይ የዋለው ሥራ እንደየአገሩ የራሱ ባለቤት ሊኖረው ይችላል። ነፃ የሆነው የድሮው ሸክላ እንጂ ትናንት የተጠገነው ቅጂ አይደለም። እናም ዋናው ሸክላ በእጁ ያለው ሰው፣ ሸክላው ቢንቋቋም እንኳ፣ በንግድ ረገድ የተሻለ ይዞታ ላይ ነው።

አከፋፋዩ በር ላይ ቆሟል

ማንም ሰው በቀጥታ ወደ ስፖቲፋይ ወይም ወደ አፕል ሄዶ ሙዚቃ አያስረክብም። በመካከል አከፋፋይ አለ፤ መርካቶ የካሴት ጅምላ ነጋዴ ይሠራ የነበረውን ሥራ በኢንተርኔት የሚሠራ። ሲዲ ቤቢ፣ ዲስትሮኪድ፣ ቲዩንኮር ከሚታወቁት መካከል ናቸው። ዓመታዊ ክፍያ የሚያስከፍል አለ፣ ከገቢው በመቶኛ የሚቆርጥ አለ፣ ሁለቱንም የሚያደርግ አለ።

ታዲያ ብዙዎቹ አከፋፋዮች የጥበቃ ዘመኑ ያለፈበትን የድሮ ቀረጻ እንዳለ ለመቀበል ፈቃደኛ አይደሉም። ይህ አንዳንዱን ሰው ያስቆጣል፤ «ሕግ የፈቀደውን እነሱ እንዴት ይከለክላሉ?» ይላል። ምክንያታቸው የንግድ ነው። ነፃ የሆነ ቀረጻ ለአንዱ ነፃ እንደሆነ ሁሉ ለሺሁም ነፃ ነው። ያንኑ ሸክላ ሺህ ሰው በሺህ ሽፋን ቢያመጣው መደብሩ በአንድ ዓይነት ዕቃ ይጣበባል፤ ክርክር ሲነሳም ከደንበኞቹ መካከል ማን ትክክለኛ እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለሆነም አይቀበሉም፤ ወይም የመብት ማረጋገጫ ይጠይቃሉ፤ ወይም ተቀብለው ድግግሞሽ ሲያገኙ ያወርዳሉ።

በአንጻሩ ነፃ የሆነን ዜማ እንደ አዲስ ተጫውቶ ያስቀረጸ ሰው በደስታ ይቀበሉታል። ዜማው የሕዝብ ነው፤ ቀረጻው ግን አዲስና የእሱ ነው። በአስተያየቴ ንግዱ ያለው እዚህ ነው። የአውሮፓ ክላሲካል ሙዚቃ ሸማቾች ይህን ቀድመው ገብቷቸዋል። ሙሶፐን የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ከሕዝብ 11 ሺ ዶላር ለማሰባሰብ ተነሥቶ ከ68 ሺ ዶላር በላይ አግኝቶ ነበር። የፈለገውም የሞቱ ደራሲያንን ሥራዎች ኦርኬስትራ ቀጥሮ እንደ አዲስ ለማስቀረጽና ለሁሉም ነፃ ለማድረግ ነው። ድርሰቱ ነፃ ከሆነ ዘመናት ቢያልፉትም ነፃ የሆነ ጥሩ ቀረጻ ግን በገበያው ላይ እንደ ልብ አልነበረም።

በእኛም ቤት ዕቃው ሞልቷል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ለኔ ቅኝቶች ናቸው፤ ቅኝት ደግሞ የማንም ንብረት ሊሆን አይችልም። የሠርግ፣ የቡሄ፣ የእንቁጣጣሽ፣ የሽለላና የፉከራ ዜማዎች ደራሲያቸው ያልታወቀ የሕዝብ ሥራዎች ናቸው። የቅዱስ ያሬድ ዜማም በ6ኛው መቶ ዘመን የተደረሰ ነውና በቅጂ መብት ስሌት የሚጠየቅበት ሰው የለም። ነገር ግን ባለፈው ዓመት አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን የዘመሩት ቀረጻ የመዘምራኑና ያስቀረጸው ወገን ነው። ዜማው 15 መቶ ዘመን አለው፤ ቀረጻው ገና አንድ ዓመቱ ነው።

ቅጹ ሲሞላ «የዜማ ደራሲ» በሚለው ቦታ የራስን ስም መጻፍ አይገባም። በእንግሊዝኛው «ትራዲሽናል» ተብሎ የሚሞላው ለዚህ ነው። አዲስ ቅንብር ከተሠራ የአቀናባሪው ስም በአቀናባሪነት ይገባል፤ መብቱም በጨመረው ሥራ ላይ ብቻ ይሆናል። እያንዳንዱ ዘፈን 12 ፊደልና ቁጥር ያለው የቀረጻ መለያ ይሰጠዋል። ይህ መለያ የቀረጻው እንጂ የድርሰቱ አይደለምና ያንኑ ዘፈን ሁለት ጊዜ በተለያየ መንገድ ያስቀረጸ ሰው ሁለት መለያ ያስፈልገዋል።

የባሕን ፒያኖ የወሰደው መሣሪያ

እ.ኤ.አ. በ2018 ጄምስ ሮድስ የተባለ እንግሊዛዊ የፒያኖ ተጫዋች ቤቱ ተቀምጦ ከዮሐን ሴባስቲያን ባሕ ሥራዎች አንዱን ተጫወተና በፌስቡክ ላይ ለቀቀው። ባሕ የሞተው በ1750 ነው። ፌስቡክ ግን 47 ሴኮንድ የሚሆነው የሶኒ ሙዚቃ ኩባንያ ንብረት ነው ብሎ ድምፁን ዘጋበት። ኮምፒዩተሩ ያደረገው አንድን የፒያኖ ድምፅ ከሌላ የፒያኖ ድምፅ ጋር ማመሳሰል ብቻ ነበር። ሰውዬው በአደባባይ ጮኾ ኋላ ተነሣለት። ስመ ጥር ያልሆነ ሰው ቢሆን ምን ይሆን እንደነበረ መገመት አያዳግትም።

ዩቲዩብም «ኮንቴንት አይዲ» የሚባል ተመሳሳይ መሣሪያ አለው። አንድ ሰው ቀረጻውን እዚያ ሲያስመዘግብ ኮምፒዩተሩ የሚመስለውን ሁሉ እየፈለገ የማስታወቂያውን ገቢ ወደ አስመዝጋቢው ያዞራል። የዩቲዩብ ደንብ በግልጽ እንደሚለው እዚያ መመዝገብ የሚቻለው በብቸኝነት የያዙት መብት ሲኖር ነው፤ የሕዝብ የሆነ ቀረጻም ሆነ ድርሰት አይመዘገብም። በተግባር ግን አከፋፋዩ «ከዩቲዩብ ገቢ ልሰብስብልህ?» የሚል ሳጥን ያቀርባል፤ ደንበኛውም ምን እንደሆነ ሳያውቅ ምልክት ያደርግበታል።

ውጤቱን አስቡት። ብቻውን የሚደመጥ ክራር በትዝታ ሲቃኝ ከሌላ በትዝታ ከተቃኘ ክራር ጋር ይመሳሰላል። ቀድሞ ያስመዘገበው ሰው የሌላውን ተጫዋች ገቢ ሳያስበው ይወስድበታል፤ ወይም ሆን ብሎ ይወስድበታል። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» ይባላል፤ ባለቤቱ ሕዝብ ሲሆን አጥሩን የሚነቀንቀው ይበዛል። እንዲህ ያለ የይገባኛል ጥያቄ የደረሰበት ሰው ግን ዝም ማለት የለበትም። በዩቲዩብ ላይ ተቃውሞ ማቅረብ ይቻላል፤ ጠያቂው መልስ እንዲሰጥ ያለው ጊዜ 30 ቀን ነው፤ ካልመለሰ ጥያቄው ይሰረዛል። ተቃውሞው ሲጻፍ ዜማው ነባር መሆኑን፣ ቀረጻው የራስ መሆኑን፣ መቼና የት እንደተቀረጸ ማስፈር ይበቃል። የስቱዲዮ ደረሰኝ ያስቀመጠ ሰው በዚህ ጊዜ ይጠቀማል።

ባለመብት ነኝ ባይ ለዘመናት ሲያስከፍል ኖሮ የተሸነፈበትም ጊዜ አለ። በዓለም ሁሉ የሚታወቀው የእንግሊዝኛው የልደት መዝሙር ዜማ እ.ኤ.አ. በ1893 የታተመ ሆኖ ሳለ ዋርነር ቻፔል የተባለው አሳታሚ በፊልምና በቴሌቪዥን ለመጠቀም ክፍያ ይጠይቅበት ነበር። በ2015 የአሜሪካ ፍርድ ቤት ኩባንያው በግጥሙ ላይ ሕጋዊ መብት እንዳልነበረው ወሰነ፤ በቀጣዩ ዓመት 14 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ስንት ያስገኛል?

እዚህ ላይ አንባቢን ማጓጓት አልፈልግም። ለአንድ ማድመጥ የተቆረጠ ዋጋ የለም። የወሩ ገቢ በወሩ ለተደመጠው ሁሉ ይከፋፈላል፤ አድማጩ ያለበት አገርና የሚከፍለው ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 ለሙያተኞች በጻፈው ደብዳቤ በአማካይ ወደ አንድ ሳንቲም የአሜሪካን እንደሚከፍል ገልጿል። ስፖቲፋይ በተለምዶ ከዚያ ያነሰ፣ በሺህ ማድመጥ ሦስትና አራት ዶላር ገደማ እንደሚያስገኝ ይገመታል። እንበልና አንድ የክራር ተጫዋች አሥር ነባር ዜማዎችን አስቀርጾ እያንዳንዳቸው በዓመት 5 ሺ ጊዜ ቢደመጡለት 50 ሺ ማድመጥ ይሆናል። በሺህ ሦስት ዶላር ሒሳብ 150 ዶላር ነው። ከዚህ ላይ የአከፋፋዩ ይቀነሳል።

በተጨማሪም ስፖቲፋይ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ባለፉት 12 ወራት ቢያንስ 1 ሺ ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን የቀረጻ ክፍያ አይከፍልም። በተገዛ ወይም በኮምፒዩተር በተቀነባበረ ማድመጥ ቁጥሩን ለመሙላት የሚሞክር ሰው ደግሞ ዘፈኑ ይወርድበታል፣ አከፋፋዩም ላይ ቅጣት ይጣላል፤ አከፋፋዩ ያንን ቅጣት ወደ ደንበኛው እንደሚያዞረው የታወቀ ነው።

የሕዝብ ዜማ አንድ ጥቅም አለው፤ ለደራሲ የሚወጣ ድርሻ ስለሌለ የሚጠየቅ የለም። አንድ ጉዳትም አለው፤ ከደራሲነት በኩል የሚመጣውን ሁለተኛ ገቢ አጫዋቹም አያገኘውም። የሚቀረው የቀረጻው ገንዘብ ብቻ ነው። ስለዚህ ትርፉ ያለው ካታሎግ ላይ ነው። አንድ አልበም ሳይሆን ለዓመታት የሚደመጥ ሰፊ ክምችት ያለው፣ በየበዓሉ የሚፈለገውን አስቀድሞ አዘጋጅቶ የጠበቀ ሰው ይሻለዋል። የእንቁጣጣሽ ዘፈን በጳጉሜን ተጭኖ ለአዲስ ዓመት አይደርስም፤ ሳምንታት ቀደም ብሎ መግባት አለበት።

አዝማሪው ፊርማ አለው?

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። መቅጃ ይዞ ወደ ገጠር የሚወርድ ሰው ሠርግ ላይ ወይም ጠጅ ቤት አንድ አዝማሪ ሲጫወት ይቀዳና «ዜማው የሕዝብ ነው» ብሎ በራሱ ስም ያሰራጨዋል። ዜማው እርግጥ የሕዝብ ነው። ያ ድምፅና ያ ማሲንቆ ግን የአዝማሪው ነው። አዋጁ ከዋኝ ብሎ መብት የሰጠው ለእሱ ነው፤ ያልተቀረጸ ክዋኔውን ለመቅረጽ ፈቃዱ ያስፈልጋል፣ የተቀረጸውን ለማባዛትና ለማሰራጨትም እንደዚሁ። በዚያ ላይ አዝማሪ ግጥምን እዚያው እያፈለቀ ያዜማልና ለዚያ ምሽት የፈጠራቸው ስንኞች ደራሲ ራሱ ነው። የቀጂው ድርሻ ቢበዛ ያስቀረጸበት ወጪ ነው።

ስለዚህ ከቀረጻው በፊት ውል ያስፈልጋል። ረጅም መሆን የለበትም። የትኞቹ ዘፈኖች እንደተቀረጹ፣ በኢንተርኔት ማድመጫዎች ላይ እንዲሰራጩ መፈቀዱን፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ ክፍያው በአንድ ጊዜ ይሁን ወይስ ከገቢው በመቶኛ፣ ስሙ በከዋኝነት እንደሚጻፍ በአማርኛ ተጽፎ፣ ማንበብ ለማይችል ተነቦለት፣ በሁለት ምስክር ፊት ይፈረማል። በመቶኛ ከሆነ አከፋፋዩ በየወሩ የሚልከውን የገቢ ዝርዝር ቅጂ አዝማሪው የሚያገኝበት መንገድ በውሉ ውስጥ ይግባ። አንዳንድ አከፋፋዮች ገቢውን ገና ከምንጩ ለሁለት ሰው ከፍለው የሚልኩበት አሠራር አላቸው፤ ይህ ከተቻለ «አልደረሰኝም፣ ልኬያለሁ» የሚለውን ጭቅጭቅ ያስቀራል። ገንዘቡ ወደ ኢትዮጵያ በየትኛው ባንክና በምን የክፍያ መንገድ እንደሚገባም አስቀድሞ መታየት አለበት፤ ሁሉም አከፋፋይ ወደ ሁሉም አገር አይልክምና ይህ የሚጠየቀው ቅጹ ከመሞላቱ በፊት ነው።